ቦርጭ ለማጥፋትና ሲክስ ፓክ ለማውጣት ከየት ይጀመራል?

ሲክስ ፓክ የሚባለው ጡንቻ አሁንም ሆዳችሁ ላይ አለ። ከጎድን አጥንት ግርጌ ተነስቶ እስከ ዳሌ አጥንት የሚወርድ ረጅም ጡንቻ ነው። በመሃሉ በቁም አንድ ጅማት ያልፋል፣ በአግድም ደግሞ ሌሎች። ጡንቻውን ከፋፍለው ስድስት የሚያስመስሉት እነዚህ ጅማቶች ናቸው። አራት ወይም ስምንት የሚወጣለትም ሰው አለ፤ እሱ አብሮን የሚወለድ ነገር ስለሆነ በስፖርት አይቀየርም። ጡንቻውን የሸፈነው ከላዩ ያለው ስብ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፤ ስቡን መቀነስ፣ ጡንቻውን ማወፈር። ከባዱ የመጀመሪያው ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው በሁለተኛው ላይ ነው።

ጂም ውስጥ ሁልጊዜ የማየው ነገር አለ። አንድ ሰው ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ መቶ ሲት አፕ ይሠራል፣ ሆዱን ነካ ነካ አድርጎ ያያል፣ ይሄዳል። ከወር በኋላም ሆዱ ያው ነው። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰውየው ሰነፍ አይደለም። ሆድ ስላሠራን የሆድ ስብ ለብቻው አይቃጠልም። ሰውነት ስብ የሚያወጣው ከየቦታው ነው፤ ከየት እንደሚጀምር የሚወስኑት ዘርና ሆርሞን ናቸው። ለብዙ ወንዶች መጨረሻ ላይ የሚቀንሰው ሆድ ነው፣ ለብዙ ሴቶች ደግሞ ዳሌና ጭን። ፊታችሁ ከስቶ ቦርጫችሁ ገና ካለ መንገዱን ይዛችኋል፤ አታቋርጡ።

ሆድን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥም አይጠቅምም። የሚወጣው ላብ ነው፤ ውሃ ስትጠጡ ይመለሳል። ስብ ሲቃጠል አብዛኛው የሚወጣው በትንፋሽ ነው። 10 ኪሎ ስብ ሲጠፋ 8.4 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ ይወጣል፣ ቀሪው ውሃ ይሆናል።

መጀመሪያ ወገባችሁን ለኩ

ሚዛን ብቻውን ያሳስታል። ማታ ጨው የበዛበት ምግብ ብትበሉ ጠዋት አንድ ኪሎ ጨምራችሁ ልትገኙ ትችላላችሁ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ቁርስ ሳትበሉ ለኩ። የመጨረሻውን የጎድን አጥንት በጣታችሁ ፈልጉ፣ ከዚያ የዳሌያችሁን አጥንት ጫፍ። ሜትሩን በሁለቱ መሃል አዙሩት። ሆዳችሁን አትሳቡ። ትንፋሻችሁን ቀስ ብላችሁ አውጡና ቁጥሩን ያዙ። በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ወንድ ከ102 ሴንቲ ሜትር፣ ሴት ከ88 በላይ ከሆነ ነገሩ የመልክ ብቻ አይደለም። በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ከስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር ይያያዛል። ደስ የሚለው፣ ይህ የውስጥ ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይልቅ ቶሎ ይቀንሳል።

ከዚያ ምግብ

አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ከምታቃጥሉት በቀን 500 ያህል አሳንሳችሁ ከበላችሁ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ ትቀንሳላችሁ። 300ም ቢሆን ጥሩ ነው፤ ይዘገያል እንጂ አይሰለችም። ራስን ማስራብ ግን ጡንቻንም ይበላል፣ ከሳምንት በኋላም ሳታስቡት ከልክ በላይ ያስበላችኋል።

ሳይከብዳችሁ መቀነስ የምትችሉባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ መጠጥ ነው። አንድ ቆርቆሮ ለስላሳ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። አልኮልም በግራም 7 ካሎሪ ነው። ሁለተኛው ዘይት ነው። ከጠርሙሱ ቀጥታ ድስት ላይ ስታፈሱ ስንት እንደገባ አይታወቅም። አንድ ቀን በሾርባ ማንኪያ ለክታችሁ አፍስሱ፤ አንዷ ማንኪያ 120 ካሎሪ ናት። ሦስት አራት ማንኪያ ስታፈሱ እንደኖራችሁ ያን ቀን ይገባችኋል።

ፕሮቲን ግን አትቀንሱ። በቀን በየኪሎ ክብደታችሁ 1.6 ግራም ያህል ያስፈልጋችኋል፤ ለ70 ኪሎ ሰው 112 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። ዓሣ፣ ዶሮ፣ እርጎ፣ ባቄላና ምስር ይጨመሩበት። ፕሮቲን ያጠግባል፣ እየቀነሳችሁ ሳለም ጡንቻችሁን ይጠብቃል።

ጡንቻውን ማሠራት

በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን መላ ሰውነታችሁን አሠሩ፤ ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ፑሽ አፕ፣ ክብደት መሳብ። በቀሩት ቀናት ፈጠን ያለ እርምጃ። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ይመክራል።

ለሆድ አንድ እንቅስቃሴ በደንብ ልመዱ። በጀርባችሁ ተጋደሙ። ጉልበታችሁን አጥፉና እግራችሁን ከመሬት አንሱ። ጉልበታችሁን ወደ ደረት ስትስቡ መቀመጫችሁ ከምንጣፉ ይነሳ፤ ወገባችሁ ምንጣፍ ከጫፉ እንደሚጠቀለል ይጠቅለል። እዚያ ላይ ትንፋሻችሁን ጨርሳችሁ አውጡ፣ አንድ ሰከንድ ቆዩ፣ በሦስት ሰከንድ ቀስ ብላችሁ መልሱ። እግር ብቻ ከወጣና ከወረደ የሚደክመው ጭን ነው። መቀመጫ ካልተነሳ አልተቆጠረም። በዚህ አሠራር 10 ጊዜ ይከብዳል፤ ሦስት ዙር ይበቃችኋል።

ፕላንክ ጨምሩበት፤ በክርንና በእግር ጣት ተደግፋችሁ ሰውነታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ቆዩ፣ መቀመጫችሁን ጨምቃችሁ፣ ወገባችሁ ሳይሰምጥ። ከአንድ ደቂቃ ካለፋችሁ ደቂቃ ከመጨመር አንድ እግር ማንሳት ይሻላል። የሆድ ጡንቻ እንደ ክንድ ጡንቻ ነው፤ ክብደቱ እየጨመረ ሲሄድ ይወፍራል፣ በየቀኑ ሁለት መቶ በመቁጠር አይደለም።

የወለደች እናት ግን መጀመሪያ ትፈትሽ። ተጋድማ ጭንቅላቷን ቀና ስታደርግ ሆዷ መሃል ላይ እንደ ጉብታ የሚወጣ ነገር ካለ ጡንቻው ተራርቋል። ሲት አፕ ትተው፤ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ትሂድ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

85 ኪሎ የሆነ፣ ከክብደቱ ሩቡ ስብ የሆነ ወንድ እናስብ። ሲክስ ፓኩ በደንብ እንዲታይ ስቡ ወደ 13 በመቶ መውረድ አለበት። 11 ወይም 12 ኪሎ መቀነስ ማለት ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢሄድ ወደ አምስት ወር ተኩል ይፈጅበታል። ስለዚህ "በ15 ቀን" የሚላችሁን ሰው አትስሙ። የሴት ሰውነት በተፈጥሮው ተጨማሪ ስብ ይፈልጋል፣ ብዙዎች 20 በመቶ አካባቢ ሲደርሱ ሆዳቸው ላይ መስመር ይታያል። የወር አበባ ከተዛባ ወይም ከቀረ መቀነሱን አቁማችሁ ሐኪም አማክሩ።

እንቅልፍ ከሰባት ሰዓት አይነስ። ያልተኛ ሰው በማግስቱ ይበልጥ ይርበዋል፣ የሚያምረውም ጣፋጭ ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሜትሩ አልነቃነቅ ካለ መጀመሪያ ዘይቱንና መጠጡን እንደገና ለኩ፤ ሳይታወቅ ተመልሶ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። እሱ ልክ ከሆነ በቀን 20 ደቂቃ እርምጃ ጨምሩ ወይም 150 ካሎሪ ቀንሱ። አንዱን ብቻ። ከዚያ ሌላ ሁለት ሳምንት ጠብቁና ለኩ።