በኮርስ ብቻ በሚጠናቀቅ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ ወይም ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ዘርፍ ተመርቀው በሥራ ላይ ላሉ፣ ካሉበት ከተማ ሳይንቀሳቀሱ ሁለተኛ ዲግሪ የሚይዙበት አንዱ መንገድ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን መማር ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ፕሮግራም ቴሲስ (የመመረቂያ የምርምር ጽሑፍ) የለውም፤ ኮርሶቹን ጨርሰው ይመረቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የኦንላይን ማስተርስ ለምሳሌ 10 ኮርስ፣ 30 ክሬዲት ነው። ቴሲስ ስለሌለው ቀላል የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ኮርስ የዲግሪው አንድ አሥረኛ ስለሆነ በአንዱ የተበላሸውን በኋላ የሚክስ ትልቅ ሥራ አይኖርም።

ለምን እንደሚማሩ ሳይለዩ መመዝገብ

ዓላማዎ ዶክትሬት ወይም ምርምር ከሆነ ቴሲስ ያለውን ይምረጡ፤ ያለ ምርምር ጽሑፍ መወዳደር ከባድ ነው። በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥርዎትን የትምህርት ክፍል አስቀድመው ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። የውጭ ዲግሪ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ በኦንላይን የተገኘን ዲግሪ እንዴት እንደሚያይ መጠየቅ ያለብዎት ክፍያ ሳይጀምሩ ነው።

ሰነድን ለመጨረሻው ሳምንት መተው

የመጀመሪያ ዲግሪ የወጪ መጋራት ዕዳ ካልተዘጋ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሊያዙ ይችላሉ። እጅዎ ላይ ያለው ኮፒም ብዙ ቦታ አይበቃም፤ ሬጅስትራር አሽጎ ወይም በቀጥታ ሊልከው ይገባል። የስምዎ የላቲን አጻጻፍ በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ላይ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ከሞሉ ሰነዶቹ የሁለት ሰዎች ሆነው ይቀራሉ። ቅጹ ላይ የሚሞሉትን ቀንም ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይቀይሩ።

መሠረቱ ሳይደላደል ከባዱን ኮርስ መውሰድ

ተማሪን ከሁሉ በላይ የሚጥለው ይህ ነው። ማሽን ለርኒንግ ስሙ ስለሚስብ ብዙዎች በመጀመሪያው ሴሚስተር ይመዘገቡበታል። ኮርሱ ግን ማትሪክስ ማባዛትን፣ ፓርሻል ዴሪቬቲቭንና የቤይዝን ሕግ እንደሚያውቁ ቆጥሮ ነው የሚነሳው። ሒሳቡን ያልከለሰ ሰው ላይብረሪ (ሌሎች ያዘጋጁትን ኮድ) መጥራት አያቅተውም፤ ሞዴሉ ለምን እንደተበላሸ ማስረዳት ግን አይችልም። ነጥቡ ደግሞ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የኦፕሬቲንግ ሲስተም ፕሮጀክት በአብዛኛው የሚሠራው በሲ ቋንቋ ነው። በጃቫና በፒኤችፒ ብቻ የኖረ ሰው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ላይ፣ ሜሞሪ በሚጠይቁትና በሚለቁት ማሎክና ፍሪ ላይ ይደናቀፋል። ሁለት ትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) ተራ በሚያስጠብቅ መቆለፊያ፣ ማለትም በሚውቴክስ፣ ሳይጠበቁ አንድ ቫሪያብል ላይ ሲጽፉ ደግሞ ፕሮግራሙ በራስዎ ላፕቶፕ ደጋግሞ ይሠራና መምህሩ ማረሚያ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። ከምዝገባው 3 ወር ቀደም ብለው በሲ ሊንክድ ሊስት፣ ቀጥሎ ሃሽ ቴብል፣ ከዚያ በትሬድ የሚሠራ ትንሽ ሰርቨር ይጻፉ። እያንዳንዱን የሜሞሪ ስህተት በሚለየው በቫልግራይንድ ፈትሸው ሳይለቀቅ የቀረ ሜሞሪ እስኪጠፋ ድረስ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ለአልጎሪዝም ኮርስ ደግሞ ኮድ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ በኢንዳክሽን (ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው በሚያልፍ የሒሳብ ማስረጃ) ማረጋገጥን በወረቀት ይለማመዱ።

ጆርጂያ ቴክ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ሁለት የመሠረት ኮርሶችን ቢያንስ በቢ ማለፍን ይጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት መሞከሪያ አይደለም፤ የሚችሉትን ኮርስ ያስቀድሙ።

ሰዓቱን ሳያሰሉ ኮርስ መደራረብ

አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት ገደማ ይጠይቃል ተብሎ ይታሰባል፤ ፕሮጀክት የሚበዛበት ከዚያም ያልፋል። ሦስት ኮርስ 27 ሰዓት ነው። ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው በሴሚስተር አንድ ኮርስ ይበቃል፤ ሁለተኛውን የሚጨምረው አንደኛውን በደንብ ካለፈ ብቻ ነው። በአውሮፓ ክሬዲት ሲሆን አንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ነው፤ ባለ 6 ክሬዲት ኮርስ ማለት ከ150 እስከ 180 ሰዓት ማለት ነው።

ድሮፕ ማድረጊያ (ከኮርስ መውጫ) ቀኑን ማሳለፍ

ለመመረቅ አብዛኛውን ጊዜ 3.0 አማካይ ያስፈልጋል። አንድ ሲ ግሬድ 2.0 ነው፤ እሱን ለማካካስ አንድ ሙሉ ኤ ይጠፋል። የመጀመሪያው ፈተናና ፕሮጀክት እንደታረሙ ውጤቱን ደምረው ቢ የማያደርስ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ይውጡ። በትራንስክሪፕት ላይ የመውጣት ምልክት ከሲ ይሻላል።

የማስረከቢያ ሰዓትን መሳሳት

በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት 11፡59 PM (እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው) ማለት በእኛ ሰዓት በማግስቱ ከጧቱ 12፡59 ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መግቢያ ባለው ጊዜ ግን 1፡59 ይሆናል። አንዳንድ ኮርሶች በዓለም ላይ በመጨረሻ የሚመሸውን የሰዓት ክልል ይከተላሉ፤ ያኔ በማግስቱ ከቀኑ 8፡59 ነው። የትኛውን እንደሚከተሉ ከኮርሱ ዝርዝር ይመልከቱ።

የጓደኛን ኮድ ማየት

ከአንድ ክፍል የተመረቁ ጓደኛሞች አብረው ሲመዘገቡ ይህ በቀላሉ ይከሰታል። ሞስ የሚባለው መመሳሰል የሚለይ ፕሮግራም የቫሪያብል ስም ቢቀየርም የኮዱን አወቃቀር ያነጻጽራል። ሐሳቡን በቃል ወይም በሰሌዳ ላይ መወያየት በብዙ ኮርሶች ይፈቀዳል፤ ፋይል መላላክ ግን አይፈቀድም። የጨረሱትን አሳይመንት ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ በጊትሃብ ለሁሉም ክፍት ማድረግም ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል።

ለመብራትና ለኢንተርኔት መቋረጥ አለመዘጋጀት

የሳምንቱን ቪዲዮ ሰኞ ያውርዱ፤ የሠሩትን ኮድ በየቀኑ ወደ ኮርሱ የግል ሪፖዚተሪ (የኮድ ማስቀመጫ) ይላኩ። በካሜራ የሚጠበቅ ፈተና ለተወሰኑ ቀናት ክፍት የሚሆን ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ይውሰዱት። መስመሩ ቢቋረጥ ስክሪኑን ከነሰዓቱ በስልክ ፎቶ አንስተው ወዲያው ለመምህሩ ለመጻፍ ጊዜ ይኖርዎታል።