በእንቁላል አስኳል ቀለም መበጥበጥ

የቀለም ቱቦ ዋጋ ካማረራችሁ አንድ እንቁላልና የቀለም ዱቄት ይዛችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ቴምፔራ የሚባለው ይኸው ነው። አውሮፓ ውስጥ ዘይት ቀለም ከመስፋፋቱ በፊት ጣውላ ላይ በአብዛኛው የሚሣለው በዚህ ነበር። እኛም ጋ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ፍሬ ጽዮን የማርያምን ሥዕል የሣለው ነጭ ልባጥ ባለው ጣውላ ላይ በቴምፔራ ነው።

አስኳሉን ከነጩ ለዩና ሶፍት ላይ ቀስ አድርጋችሁ አንከባሉት። ላዩ ደረቅ ሲል ሽፋኑን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ አንጠልጥሉትና በመርፌ ውጉት፤ ፈሳሹ ብርጭቆ ውስጥ ይውረድ፣ ሽፋኑን ጣሉት። አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ። በቃ። ቢጫው ሰማያዊዬን ያበላሽብኛል ብላችሁ አትስጉ፣ ብርሃን ሲያገኘው እየለቀቀ ይሄዳል።

ዱቄቱን ለብቻው በውሃ አሹት፣ እንደ ጥርስ ሳሙና እስኪወፍር። ከዚያ ከአስኳሉ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ይሄ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም፣ አንዳንዱ ዱቄት አስኳል ይጠጣል። ስለዚህ ትንሽ መስታወት ላይ ቀብታችሁ ሲደርቅ በምላጭ ፋቁት፦ ተያይዞ ከተላጠ ልክ ነው፣ ዱቄት ሆኖ ከረገፈ አስኳል አንሶታል። ብዙ ሰው ይቺን ሙከራ ይዘላትና ሥዕሉ ሲረግፍበት እንቁላሉን ይረግማል።

ለጀማሪ ኦከር (ቢጫ የአፈር ቀለም)፣ ቀይ አፈርና ቲታኒየም ነጭ ይበቃል። እርሳስ፣ ካድሚየም ወይም ሜርኩሪ ያለበትን ዱቄት ተዉት። የትኛውንም ስታሹ ማስክ አድርጉ፣ ሳህኑም ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።

ልቅ ሸራ ላይ አትሞክሩት፤ ሸራው ሲተጣጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ጣውላ ወይም ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ይሻላል። ከመሣላችሁ በፊት ግን ነጭ ልባጥ አልብሱት፣ እንዲህ ይዘጋጃል፦ አንድ እጅ ጄላቲን ከ10 እስከ 15 እጅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ሳታፈሉ አሙቁት (ከፈላ የማጣበቅ ኃይሉ ይቀንሳል)፣ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት እየነሰነሳችሁ ወተት መሳይ አድርጉት። የግንበኛ ጄሶ ግን አይሆንም፣ ቀብታችሁ ሳትጨርሱ ይደርቅባችኋል። ስስ ስስ አድርጋችሁ ስድስት ሰባት ዙር ቀቡና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። የሱቁ አክሬሊክስ ጄሶ (ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የሠዓሊ ልባጥ) ቀለሙን በደንብ ስለማይመጥ እኔ አልመክረውም።

ሲሣል ደግሞ ትዕግሥት ነው። ቀለሙ በሰከንዶች ስለሚደርቅ እንደ ዘይት ቀለም እርጥቡን እያሻሻችሁ ማዋሃድ የለም። ብሩሹን ጨምቃችሁ ቀጫጭን መስመር በመስመር ላይ ደርድሩ፣ ጥላውም ብርሃኑም በዚያ ይመጣል። ያልደረቀውን ቦታ ደግማችሁ ከነካችሁት የታችኛው ይነሳባችኋል።

የተረፈው አስኳል ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ኮምጣጤ ጠብ የሚያደርጉበት አሉ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፣ አሲድ ያጠፋዋል። ያለቀውን ሥዕል ለጥቂት ወራት አትነካኩት፤ ላዩ ቶሎ ቢደርቅም በደንብ እስኪጠነክር ጥፍር ይጭረዋል።