ከላስቲክ እስከ ማይክ፦ የድሮ የቀልድና የተውኔት መጻሕፍትን እንዴት እንደምንጠቀም

አዳማ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያም አስተባብራለሁ። ልጆቹ ቀልድ አምጡ ሲባሉ ከስልክ ገልብጠው ይመጣሉ። ሰልፉ ላይ የቆመው ተማሪ ሁሉ ደግሞ ያንኑ ቀልድ ማታ አይቶታል። ማን ይሳቅ? ስለዚህ ወደ ድሮ መጻሕፍት መራኋቸው፤ ወደ ወግና ቀልድ ስብስቦች፣ ወደ ተውኔቶች፣ የአራዳ ቋንቋ ወዳለባቸው ልብ ወለዶች።

ግዢው ላይ ዋናው ነገር አለመቸኮል ነው። መንገድ ዳር ላስቲክ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ ዘንድ ሄዳችሁ «የድሮ ተውኔት አለህ?» ካላችሁ ዋጋው እዚያው ይሰቀላል። ዝም ብላችሁ አገላብጡ። ከላይ የሚደረደረው የስኬት ምክርና የፈተና መለማመጃ ነው። ተውኔት ቀጭን ስለሆነ ከሥር ይቀበራል። ስታገኙት ከሌላ መጽሐፍ ጋር ደርባችሁ «መጨረሻው ስንት ነው?» በሉ።

ከዚያ ዕድሜውን መርምሩ። ጀርባው ላይ ዋጋው በሳንቲም ከታተመ ሰንብቷል ማለት ነው። የማኅተሙ ጽሑፍ «ናዝሬት» የሚል ከሆነ ከዚሁ ከተማችን ሳይወጣ ነው የኖረው። ተውኔት ከሆነ የት እንደታየ የሚናገረውን መስመር ፈልጉ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር። ሽፋኑ ያንን ስም ከያዘ ዘመኑን ያለ ዓመተ ምሕረትም ትገምታላችሁ፤ አብዮቱ አልደረሰም። የታተመበት ዓመት ብቻውን ግን አይታመን። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የአዲስ አበባውን የመሸታ ሰፈር የውቤ በረሃን ሌሊት የጻፈበት «ሌቱም አይነጋልኝ» ለኅትመት የበቃው ከተጻፈ ከረጅም ዓመታት በኋላ ነው። በኅትመቱ ዓመት ብትሄዱ የአንዱን ትውልድ አነጋገር ለሌላው ትሰጣላችሁ።

ገጽ ቁጠሩ። የቀልድ ስብስብ መሐሉ ቢጎድል ግድ የለም። ተውኔት የመጨረሻ ቅጠሉ ከሌለ ግን በነፃም አልወስድም።

አሁን ወደ ንባቡ። የቀልድ መጽሐፍ በዐይን ብቻ ሲነበብ ግማሹ ይሞታል። ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ቢቻል ሰው ፊት። መንግሥቱ ለማን ውሰዱ። በመድረክ ኮሜዲዎቻቸው ስማቸው ይነሣል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነገራቸው ጆሯቸው ነው። አባታቸው አለቃ ለማ ሲያወጉ የሰሙትን ጽፈው «መጽሐፈ ትዝታ» አድርገው አስቀርተውልናል። እዚያ ውስጥ ሽማግሌው ትንፋሽ የሚወስዱበት ቦታ ሳይቀር ይሰማል። ለተራኪነት ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። አንድ ገጽ ምረጡ፣ የምትቆሙበት ላይ በእርሳስ አጭር መስመር አድርጉ፣ ከዚያ ደግማችሁ አንብቡ። በእስክርቢቶ የምትሠሩ ካላችሁ መጽሐፌን አላውሳችሁም።

አለቃ ገብረ ሐናን የማያነሣ የቀልድ ስብስብ እምብዛም የለም። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ እሳቸው ላይ ይለጠፋል። ሰውየው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። የተክሌ አቋቋም የሚባለው የማሕሌት ስልት ከእሳቸው ተነሥቶ በልጃቸው በተክሌ ስም የተጠራ ነው። ስለዚህ እኔ የምመዝነው እንዲህ ነው፤ ቀልዱ የቅኔ ሰው አፍ ይመስላል ወይ? ብልግና ብቻ ከሆነ ስማቸውን አውጥቼ «አንድ ሰው ነበር» ብዬ አስጀምራለሁ።

ሁላችሁም የምታውቁትን እንይ። አለቃ አህያ የምትነዳ ሴት ያገኛሉ። «እንደምን ዋልሽ የአህዮች እናት?» ይሏታል። «ደህና ልጄ» ትላቸዋለች። አለቀ። ጀማሪ ልጅ ይህን ሲያወራ ሦስት ቦታ ያበላሸዋል። መጀመሪያ መንገዱን፣ ፀሐዩን፣ የአህዮቹን ብዛት ይተርካል። ቀጥሎ የሴትዮዋን መልስ ሳይደርስበት ራሱ ይስቃል። በመጨረሻ «አህያ ነህ ማለቷ እኮ ነው» ብሎ ያብራራል። «ልጄ» የምትለዋ ቃል የመጨረሻዋ ትሁን፤ ከእሷ በፊት ትንሽ ዝም፣ ከእሷ በኋላ ምንም። ደግሞ አለቃን ባጃጅ ላይ አታሳፍሯቸው፤ በዘመናቸው ሲቀመጡ ነው የሚያስቁት።

የአራዳ ቋንቋ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ደብተር ያዙ። ቃሉን፣ ማን ለማን እንደተናገረው፣ መጽሐፉንና ገጹን ጻፉ። ፍቺውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ተማሪ ቸኩሎ የሚገምተው ብዙ ጊዜ የዛሬውን ነው። ያኔ ወጣት የነበረ ሰው ዘንድ ሄዳችሁ ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ አንብቡለት። የእኔ መዝገበ ቃላት ባቡር ላይ የሠሩ ጡረተኛ ጎረቤቴ ናቸው። ፍራንኮ አካባቢ ሻይ እየጠጣን አንድ መስመር አነብላቸዋለሁ፤ «ጋሼ፣ ይህን ለሴት ይሉታል?» እላለሁ። አንዳንዴ ከመልሳቸው በፊት ሳቃቸው ይነግረኛል። በጥናት ደረጃ ማየት ለሚፈልግ ቮልፍ ሌስላው በእንግሊዝኛ የጻፈው አለ። የአዝማሪዎችን፣ የነጋዴዎችንና የዛር ሰዎችን የምሥጢር ንግግር መዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በመጽሐፍ ወጥቷል። አዳማ ላስቲክ ላይ ግን አትጠብቁት።

ስለ መድረክ ሕይወት ለማወቅ መግቢያና የተዋንያን ዝርዝር አትዝለሉ። የሴት ገጸ ባሕርይ አጠገብ የወንድ ስም ብታዩ የማተሚያ ስሕተት አይምሰላችሁ። በዘመናዊው ቴአትራችን መጀመሪያ ላይ ሴት መድረክ አትወጣም ነበር፤ አባባ ተስፋዬ ራሳቸው ሴት ሆነው ተጫውተዋል። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው የሚያምነኝ ጥቂት ነው። እንስሳት የሚናገሩበት ተውኔት ካገኛችሁም የልጆች ነው ብላችሁ አታስቀምጡት። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ የአውሬዎች ኮሜዲ ነበር፤ ሹማምንቱ ግን ራሳቸውን አዩበትና ታገደ።

አያያዝ ላይ አጭር ልበል። የአዳማ ሙቀትና አቧራ ሙጫውን ያደርቀዋል፤ መጽሐፉን መቶ ሰማንያ ዲግሪ አትዘርጉት። በስኮች አትለጥፉ፣ ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይዞ ይነሣል። በካኪ ወረቀት ሸፍኑ። ብል የበላውን ከሌሎቹ ለዩ።

ወደ ማይክ ስትወጡ ምርጫ አለ። የድሮ መጻሕፍት በሰው ዘር፣ በአካል ጉዳትና በሴት ላይ ሳያስቡ ይቀልዳሉ። ለጥናት አነባቸዋለሁ፣ ሰልፍ ላይ አላወጣቸውም። በአፋን ኦሮሞ ለሚቀርበው ፕሮግራማችን ደግሞ ሳቁ ከሁኔታው የሚመጣውን ቀልድ እንመርጣለን። ተውኔትን ወደ ጭውውት ስታሳጥሩ ቃለ ተውኔቱን ቁረጡ እንጂ አትጻፉበት፤ የልጅ ጭማሪ ከሩቅ ይታወቃል። ሦስት ተናጋሪ ይበቃል። አንድ ማይክ ብቻ ካላችሁ ሁለት ይሁኑ፤ ማይክ ሲቀባበሉ ቀልዱ ይበርዳል። የደራሲው ስም መጀመሪያ ይጠራ፤ ሳቁ ከመጣ በኋላ የሚሰማ የለም።