ጂሲሲንና ክላንግን ስታወዳድሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጂሲሲና ክላንግ የሲና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች (ኮምፓይለሮች) ናቸው፤ ኦ2 እና ኦ3 ደግሞ ኮዱን ምን ያህል እንዲያፈጥኑ የሚታዘዙባቸው ደረጃዎች ናቸው። «ሁለቱንም በኦ2 ስለሞከርኩ ፍትሐዊ ነው» ማለት ከሁሉም በላይ ያሳስታል። የደረጃው ስም አንድ ቢሆንም ይዘቱ ይለያያል። ክላንግ በኦ2 ሉፖችን (ተደጋጋሚ የኮድ ዙሮችን) ቬክተራይዝ ያደርጋል፣ ማለትም ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ትእዛዝ እንዲያሰሉ ይቀይራቸዋል፤ ጂሲሲ ግን ይህን በኦ2 የጀመረው በ2022 ከወጣው ስሪት 12 ወዲህ ነው፤ ያውም በጣም በተቆጠበ መስፈርት። ጂሲሲ 11ን በኦ2 ከክላንግ ጋር ያወዳደረ ሰው የለካው የኮምፓይለሩን አቅም ሳይሆን የነባሪ ምርጫውን ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በኦ2ም በኦ3ም ለኩ። ማርች ኔቲቭን (ኮዱን ለራሳችሁ ፕሮሰሰር የሚያስማማውን አማራጭ ወይም ፍላግ) ለአንዱ ከሰጣችሁ ለሌላውም ስጡ። የኢንቴል ኮምፓይለር ከገባበት ደግሞ የፍሎቲንግ ፖይንት (የአስርዮሽ ቁጥር ስሌት) ሕጎችን ሳይታዘዝ እንደሚያላላ አትርሱ፤ ይህን አጥፉት፣ ወይም ለሁሉም ፍቀዱ። የሚወጡት መልሶች ከተለያዩ ፍጥነቱን ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ውጤቱ የትም የማይውል ሉፕ መለካት። ኮምፓይለሩ ሉፑን ከነጭራሹ ይሰርዘዋል፤ ሰዓቱም ዜሮ አካባቢ ያሳያል። ግብዓቱን ከፋይል ወይም ከትእዛዝ መስመር አንብቡ፣ የመጨረሻውን ድምር አትሙ።

አንዴ ለክቶ መፍረድ። ቱርቦን (ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ፍጥነቱን ከመደበኛው በላይ የሚያሳድግበትን) አጥፉ፣ የሲፒዩውን ገቨርነር (ፍጥነቱን የሚወስነውን ቅንብር) ፐርፎርማንስ ላይ አድርጉ፣ ፕሮግራሙን ታስክሴት በተባለው የሊነክስ ትእዛዝ አንድ ኮር ላይ እሰሩት። ላፕቶፕ ሲሞቅ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ መጀመሪያ የተለካው ያለ አግባብ ያሸንፋል፤ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ቢያንስ አሥር አሥር ጊዜ አስኪዱ። ሚዲያኑን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለውን ውጤት) ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው ጋር ጻፉ።

ይህም ሁሉ ተደርጎ የ2 በመቶ ብልጫ ድል አይደለም። በ2009 የታተመ ጥናት የኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎች (ሲስተሙ ለፕሮግራሙ የሚያስተላልፋቸው ቅንብሮች) መጠን ወይም ፋይሎች ወደ አንድ ፕሮግራም የሚገጣጠሙበት (ሊንክ የሚደረጉበት) ቅደም ተከተል ብቻ ሲቀየር የኦ3 ጥቅም ወደ ጉዳት ሊገለበጥ እንደሚችል አሳይቷል፤ ኮዱና ስታኩ (የፕሮግራሙ ጊዜያዊ መረጃ የሚቀመጥበት ክፍል) ሚሞሪ ላይ የሚያርፉበት ቦታ ስለሚለወጥ ነው። ቅደም ተከተሉን ለዋውጣችሁ ድገሙት።

የኮምፓይል ጊዜ ለብቻው ይለካል። ሲካሽን (የቀድሞ የኮምፓይል ውጤትን አስቀምጦ መልሶ የሚሰጠውን መሣሪያ) አጥፉ። ኮምፓይለሩ ራሱ እንዴት እንደተገነባም እዩ፦ አሰርሽን (የውስጥ ስህተት ፍተሻ) የበራበት ኤልኤልቪኤም (ክላንግ የተመሠረተበት ፕሮጀክት)፣ ወይም ቼኪንግ (ተመሳሳይ ፍተሻ) ያልጠፋለት የጂሲሲ የልማት ስሪት፣ ለተጠቃሚ ከሚለቀቀው በጣም ይዘገያል።

ሪፖርቱ ላይ «ጂሲሲ፣ ኦ3» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የፕሮሰሰሩ ሞዴል፣ የከርነሉና የኮምፓይለሩ ሙሉ ስሪት፣ የፍላጎቹ ሙሉ መስመር፣ ሊንከሩ፣ ስታንዳርድ ላይብረሪው፣ የቱርቦው ሁኔታና የሙከራው ብዛት ይስፈሩ። ክላንግ ሊነክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የጂሲሲን ላይብረሪ ስለሚጠቀም፣ ላይብረሪው ሳይጠቀስ የሲ ፕላስ ፕላስ ውጤትን ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም።