«አየር ሳቢ!» አትበሏት፦ ውጥረትን ለማርገብ ስንሞክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰኔ ሲጋመስ በሬን የሚያንኳኳው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሜ አውቃለሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የሒሳብ ሠራተኞችና ገንዘብ ያዦች ማጅራታቸውን እያሹ ይገባሉ። ነርስ ነኝ። ሰዎች ውጥረታቸውን በትንፋሽና ጡንቻን በማፍታታት እንዲያረግቡ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮም ያው ስህተት ሲደገም ሳይ ልጽፈው ተነሣሁ።

ባለፈው ሰኔ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ መጣች። «ሲስተር፣ የትንፋሹን ነገር ሞክሬዋለሁ፤ ጭራሽ ያብስብኛል» አለችኝ። እስቲ አሳዪኝ አልኳት። ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር እስኪደርስ ተነሣ፤ በአፏ አየር ጎርሳ ደረቷን ነፋችና ወዲያው ለቀቀችው። ደግሞ ጎረሰች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሯን መዳሰስ ጀመረች። «ደነዘዘኝ» አለች። ጣቶቿን ነዘራት። «ይኸው፣ ልሞት ነው» ብላ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ።

ይህ የአየር ማነስ አይደለም። አብዝታ ስለተነፈሰች ከደሟ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በላይ ወጥቶ አነሰባት። እሱ ሲቀንስ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ ሰውም አየር ያጠረው ይመስለዋል። ስለመሰለውም ሌላ ይጎርሳል። ይብስበታል።

የምናደደው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲጨንቀው ሁሉም ተሯሩጦ «አየር ሳቢ! በደንብ ሳቢ!» ይላል። የቢሮ ጓደኛ ይላል፣ ቤተሰብ ይላል፣ ሙያተኛም ሲል ሰምቻለሁ። ቋንቋችን እንኳ ከዚህ የተሻለ ያውቃል። ጭንቅ ሲያልፍ የምንለው «እፎይ» ነው፤ እፎይ ደግሞ አየር ሲወጣ እንጂ ሲገባ አይባልም። መከራ ያለፈለት ሰው «ተነፈስኩ» ይላል። ሥራው ያለው ማስወጣቱ ላይ ነው። ያላመነ የእጁን አንጓ ይዞ የደም ሥሩን ምት ያዳምጥ፦ አየር ስናስገባ ምቱ ፈጠን ይላል፣ ስናስወጣ ዝግ ይላል። በወጣቶች ላይ ጎልቶ ይታወቃል።

አንድ እጅ ሆድ ላይ ይሁን። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ትንሽ አየር ያስገቡ፤ ሆድ እጅን ቀስ አድርጎ ይግፋ፣ ትከሻ አይነሣ። ከዚያ ከንፈርን ሞጥሞጥ አድርገው እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። ፊትዎ የበራ ጧፍ እንዳለ ያስቡ፤ ነበልባሉ ዘንበል ይበል እንጂ አይጥፋ። ለአንድ ትንፋሽ 10 ሰከንድ፣ በደቂቃ 6 ጊዜ ማለት ነው። ያረፈ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ስለሚተነፍስ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ የከበደው በ3 አስገብቶ በ4 እያስወጣ ይጀምር። 5 ደቂቃ ይበቃል። ፌስታል ወይም የወረቀት ከረጢት አፍ ላይ አድርጎ መተንፈስ ግን ጨርሶ ይቅር፤ የልብ ሕመም ወይም አስም ያለበትን ሰው ለአደጋ ይዳርጋል።

የባሰባቸው ቀን ብቻ የሚሞክሩም ብዙ ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አለቃ ፊት ቆመን ልባችን ድው ድው ሲል የሚታዘዝልን ትንፋሽ፣ በሰላሙ ቀን ቤታችን የለመድነው ነው።

ጡንቻን በየተራ እያጠበቁና እየለቀቁ ማፍታታት ላይ ያለው ችግር ጉልበት ማብዛት ነው። ዘዴውን ያወጣው አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ነው፤ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1929 ነበር። ጡንቻው በትክክል የተፈታ ሰው ሊጨነቅ አይችልም ብሎ ያምን ነበር። እኛ አጥብቀን የምንለቀው የጠበቀውንና የተፈታውን ለይተን እንድናውቅ ነው። የሚመጡልኝ ሰዎች ግን ኩንታል እንደሚያነሣ ሰው ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጨብጣሉ። ትንፋሽ ይዞ መጨበጥ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ግፊት ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ከዚያ ደግሞ በደንብ ሳይለቁ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። 5 ሰከንድ መጠነኛ ማጥበቅ፣ 20 ሰከንድ መልቀቅ። እግር ላይ ሲደርሱ ጣቶችን ወደ ራስ ይሳቡ፤ ወደ ታች ሲቀስሩት ባትን ቀስፎ ይይዛል።

ከ30 ዓመት በላይ ሚኒባስ የነዱ አንድ አባት ነበሩ። «ጋሼ፣ ክንድዎን ፈታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ፈትቼዋለሁ ልጄ» አሉ። ክንዳቸውን ከጉልበታቸው ላይ ከፍ አድርጌ ለቀቅኩት። አየር ላይ ቀረ። ጣቶቻቸው ግማሽ ተጨብጠው፣ መሪ እንደያዙ። እሳቸውም አዩት፣ እኔም አየሁት፤ ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን። ውጥረቱ አብሯቸው ከመኖሩ ብዛት መኖሩን ረስተውታል። በአራተኛው ሳምንት እንደገና አንሥቼ ስለቀው ጭናቸው ላይ ዱብ አለ። «ይሄ ነው እንዴ?» አሉኝ። አዎ፣ ጋሼ፣ ይሄ ነው።

«ሐሳቤ አልጠፋ አለኝ» ብለው የሚተዉ አሉ። ሐሳብ ይጥፋ ያለ የለም። የሃርቫርዱ የልብ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቀው ነገር ቀላል ነው፦ አንድ ቃል ወይም አጭር ጸሎት መደጋገም፣ ሐሳብ ሲመጣ ሳይጣሉት ወደ ቃሉ መመለስ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ። ቃሉን ሰው ከገዛ እምነቱ ቢመርጥ ይመክራል። መቁጠሪያ የያዙ እናቶቻችንና ተስቢህ የሚቆጥሩ አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ለእነሱ ጸሎት ነው፤ ዘዴ ብዬ አላሳንሰውም። ልባቸው ወደ ገበያና ወደ ልጅ ሲሄድባቸው ራሳቸውን ሳይገሥጹ ወደ ጸሎቱ የሚመለሱበትን መንገድ ግን ተማሪዎቼ ቢያዩት እወዳለሁ።

ዓይን መጨፈን ለሁሉም አይሆንም። ይህን የተማርኩት ሰው ጎድቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከዓረብ አገር የተመለሰች ወጣት መጣችልኝ። መብራቱን ቀነስኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ «ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳት። ጥቂት ቆይታ ብድግ አለች፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ትንቀጠቀጣለች፣ ዓይኗ ከበሩ እጀታ አልተነሣም። የተዘጋ በር ለእሷ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው የዘጋሁት። ሁለተኛ አልተመለሰችም፤ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣችም። አሁን በሩን ገርበብ አድርጌ እተዋለሁ፣ የት መቀመጥ እንደሚፈልጉም እጠይቃለሁ። ክፉ ያየ ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩን መሬት ላይ አስረግጦ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን አምስት ነገር በስሙ እየጠራ ቢጀምር ይሻለዋል።

ቡና ላይ ጨካኝ አይደለሁም። እጣኑ፣ ጨዋታው፣ አቦል ቶና በረካ እየተባለ መቀመጡ ራሱ ያሳርፋል። የሚያውከው ሰዓቱ ነው፦ ማታ 2 ሰዓት ከጠጣነው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ሌሊት 7 ሰዓትም ሰውነታችን ውስጥ አለ። ጫት ግን ማረፊያ አይደለም። ውስጡ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ምርቃናውን በጨብሲ ላብርድ ያለ ሰው እንቅልፉን ሁለት ጊዜ ያጣል።

ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

የመጨረሻው፣ በሽታን ውጥረት ነው ብሎ መተንፈስ ነው። ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲመጣ ትንፋሽ እየቆጠሩ አይቀመጡም፤ ያኑ ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ነው። ልቧ ስለሚመታባት ሁለት ወር ሙሉ በትንፋሽ ስትታገል የቆየች እናት ነበረች። ትንፋሿ እንከን አልነበረውም፤ ከእኔ የተሻለ ትሠራዋለች። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቴ ዝቅ አድርጌ ሳየው ቅላት የሚባል የለውም፣ ነጭ ነው። «ደረጃ ስወጣ ይብስብኛል፣ የወር አበባዬም ይበዛል» አለችኝ፤ ከዚያ በፊት የጠየቃት አልነበረም። ደም እንድትመረመር ላክኋት። የብረት ማዕድን እጥረት ያመጣው ደም ማነስ ነበር።