አራት ሞስፌት፣ አንድ ቺፕ፦ ጎን ለጎን ስናስር የምንሳሳተው

ኃይሉ ከፍ ሲል አንድ ሞስፌት (በጌቱ ቮልቴጅ የሚበራና የሚጠፋ ትራንዚስተር፤ ከረንቱ በድሬንና በሶርስ እግሮቹ መካከል ያልፋል) አይበቃም። ስለዚህ አራት ይደረደርና ድሬን ከድሬን፣ ሶርስ ከሶርስ፣ ጌት ከጌት ታስሮ አንድ የመቆጣጠሪያ ቺፕ ሁሉንም እንዲያዝ ይደረጋል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ግን ማብሪያውን እንደነካሁ ፊውዙንም ትራንዚስተሮቹንም ይዞ ሄደ። ቺፑ ምንም አልሆነም። ችግሩ የነበረው በቺፑና በጌቶቹ መካከል ነው።

«ጌት ከረንት አይወስድም» ብሎ መነሳት

ይህ የሚሠራው ቮልቴጁ ከረጋ በኋላ ነው። በማብራትና በማጥፋት ቅጽበት ግን ጌት እንደ ካፓሲተር መሞላትና መራገፍ አለበት። አይአርኤፍ3205 የተባለው ሞስፌት በ10 ቮልት እስከ 146 ናኖኩሎምብ ቻርጅ ይፈልጋል፤ አራት ሲሆኑ 584። ኤስጂ3525 የተባለው የመቆጣጠሪያ ቺፕ ከአንድ ውጤቱ 200 ሚሊአምፒር ያህል ቢሰጥ፣ 584ን ለ0.2 ስናካፍል ወደ 2.9 ማይክሮሰከንድ ይመጣል። ትራንዚስተሩ በ50 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ከሆነ ዙሩ 20 ማይክሮሰከንድ ነው፤ ለማብራት 3፣ ለማጥፋት 3 ተሰጠ ማለት ነው። ያ ጊዜ ሁሉ ኪሳራ ባይሆንም፣ ትራንዚስተሩ በግማሽ ልብ ቮልቴጅም ከረንትም ይዞ የሚቆይበት ክፍል ብረቱን ለማጋል ይበቃል። በ100 ናኖሰከንድ ልጨርስ ያለ ሰው ወደ 6 አምፒር ያስፈልገዋል። ይህን ከቺፑ መጠበቅ አይቻልም፤ በመካከል እንደ ቲሲ4420 ያለ የጌት ድራይቨር ወይም የኤንፒኤንና የፒኤንፒ ትራንዚስተር ጥንድ ይግባ።

መሙላቱን አስቦ ማራገፉን መርሳት

የእኔ ጥፋት ይኸው ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የተጠቀምኩት ቺፕ ቲኤል494 ነው። የውጤት እግሮቹ እንደ ኤስጂ3525 ወደ ላይም ወደ ታችም አይጎትቱም። ውስጡ ያለው ኮሌክተሩም ኤሚተሩም ወደ ውጭ የወጣ ነጠላ ትራንዚስተር ነው። ከኤሚተሩ ጌቶቹን ሞላሁ፤ ለማራገፊያ ደግሞ ከጌት ወደ መሬት 1 ኪሎኦም ሬዚስተር አደረግሁ። 584 ናኖኩሎምብ በ10 ቮልት ማለት 58 ናኖፋራድ ያህል ነው፤ በ1 ኪሎኦም ሲራገፍ የጊዜ ቋሚው (አብዛኛው ቻርጅ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ) 58 ማይክሮሰከንድ ይሆናል። ዙሩ 20 ነው! ጌቶቹ ሳይራገፉ ሌላኛው ወገን ይበራል፤ በፑሽ-ፑል (ሁለት ወገን ትራንዚስተሮች ተራ በተራ በሚበሩበት አሠራር) ሁለቱም ወገኖች አብረው ሲበሩ ትራንስፎርመሩ እንደ ሾርት ይሆናል።

በኋላ ዋናውን ኃይል ነቅዬ ጌቱን በኦሲሎስኮፕ ሳየው፣ ቀጥ ብሎ መውደቅ የነበረበት ጠርዝ ቀስ እያለ ይንሸራተት ነበር፤ ዜሮም አልደረሰም። ሬዚስተሩን ወደ 100 ኦም ማውረድ ብዙ አይጠቅምም፤ የጊዜ ቋሚው 5.8 ማይክሮሰከንድ ይሆናል፣ በ12 ቮልት ደግሞ 120 ሚሊአምፒር በከንቱ ይፈሳል። መድኃኒቱ ፒኤንፒ ነው፦ ኤሚተሩ ከጌት፣ ኮሌክተሩ ከመሬት፣ ቤዙ ከቺፑ ውጤት፤ 1 ኪሎኦሟ ቤዙን ወደ መሬት ትጎትታለች፤ ከቤዝ ወደ ጌት የሚያሳልፍ ዳዮድ ደግሞ ለመሙያ ይሆናል። ቺፑ ሲያጠፋ ፒኤንፒው ጌቱን ጠርጎ ያወርዳል። መሙያው ግን አሁንም በቺፑ 200 ሚሊአምፒር የተወሰነ ስለሆነ፣ ለአራት ትራንዚስተር ሙሉውን ጥንድ ማድረግ ይሻላል።

ለአራቱም አንድ የጌት ሬዚስተር

ጌቶቹ በቀጥታ ከተገናኙ እርስ በርስ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ መወዛወዝ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ጌት የራሱ ከ4.7 እስከ 10 ኦም ሬዚስተር ይደረግ፤ እግሩ ሥር ተጠግቶ። ከጌት ወደ ሶርስ 10 ኪሎኦምም አይረሳ፤ ቺፑ ኃይል ሳያገኝ ጌቱ ተንሳፍፎ እንዳይቀር ይይዘዋል።

ድራይቨሩ ሥር 0.1 ማይክሮፋራድ ብቻ

584 ናኖኩሎምብ ከ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲወጣ ቮልቴጁን በ5.8 ቮልት ያወርደዋል። 10 ማይክሮፋራድ ቢጨመርበት መውረዱ 0.06 ቮልት አይሞላም።

«ሞስፌት ራሱ ይካፈላል» የሚለው ግማሽ እውነት

ከበራ በኋላ ልክ ነው፤ የጋለው ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ከረንቱ ወደ ቀዝቃዛው ያደላል። በመብራትና በመጥፋት ቅጽበት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲግል የመነሻ ቮልቴጁ (መብራት የሚጀምርበት የጌት ቮልቴጅ) ስለሚወርድ የጋለው ቀድሞ ይበራል፣ ዘግይቶ ይጠፋል። የአይአርኤፍ3205 መነሻ ቮልቴጅ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ቮልት ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ እሽግ የወጡትን መምረጥ፣ በአንድ ሂትሲንክ ላይ ማቀራረብ። (ባይፖላር ትራንዚስተር ከሆነ ከበራ በኋላም የጋለው የባሰ ይወስዳል፤ ለእያንዳንዱ ኤሚተር ትንሽ ሬዚስተር ካልተደረገ መጀመሪያ የጋለው መጀመሪያ ይሄዳል።)

የጌቱን መመለሻ ከዋናው ከረንት ጋር ማጋራት

1 ሴንቲሜትር ሽቦ ወደ 10 ናኖሄንሪ ይጠጋል። በውስጡ 50 አምፒር በ50 ናኖሰከንድ ቢቀየር 10 ቮልት ይፈጠርበታል፤ ጌቱ ሊያገኘው የነበረው በሙሉ ማለት ነው። የድራይቨሩ መሬት በራሱ መስመር በቀጥታ ወደ ሶርስ እግሮቹ ይሂድ፤ ለአራቱም ርቀቱ እኩል ይሁን።

ቲኦ-220 በሚባለው ቅርጽ የተሠራ ሞስፌት የብረት ጀርባው ድሬን መሆኑም ይዘነጋል። የአንድ ወገን ትራንዚስተሮች በአንድ ብረት ላይ ያለ ማይካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ መለያ) ቢቀመጡ ድሬናቸው አንድ ስለሆነ ችግር የለውም። የፑሽ-ፑል ሁለት ወገኖች በአንድ ብረት ላይ ከሆኑ ግን ማይካ ግድ ነው። ኃይል ከመስጠትዎ በፊት በመልቲሜትር በሁለቱ ወገኖች ጀርባ መካከል ግንኙነት አለመኖሩን ይለኩ፤ ትራንስፎርመሩ ከተበየደ ጠመዝማዛው ራሱ ያገናኛቸዋልና፣ ይህን መለካት ያለብዎ ከመበየድዎ በፊት ነው።