አውራ ዶሮ አስቸገረኝ ለምትሉ

ቢሾፍቱ ውስጥ በግቢዬ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ 11 ዓመት አልፎኛል። የሰፈር ሰው አውራው ሲያስቸግረው እኔን ይጠራኛል። ስለ መኖ፣ ስለ ውሃና ስለ ክትባት አላወራም፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። አውራ ያስፈልጋችኋል ወይ? የምትፈልጉት እንቁላል ብቻ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። ሴቷ ያለ አውራም ትጥላለች። ይህን ስል እስከ ዛሬ የሚከራከረኝ ሰው አለ። ቦቫንስ ብራውን የሚባለውን የእንቁላል ዝርያ የሚያረቡ ትልልቅ የእንቁላል እርባታዎች ግን አንድም አውራ አይዙም። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ነው።

ሌላው ጥቅሙ ጥበቃ ነው። ዶሮዎቻችሁ ግቢ ውስጥ ተለቀው የሚጭሩ ከሆነ ዋጋ አለው። የኔው ቀዩ አውራ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በአንድ ዓይኑ ሰማዩን ያያል። ጭልፊት ካየ ቀጭን፣ ረዘም ያለ ድምፅ ያወጣል። ሴቶቹ ጥሬውን ጥለው በአንዴ ቡናው ሥር ይገባሉ። እሱ ውጭ ቀርቶ ይቆማል። እንዲህ ያለ አውራ ካላችሁ ለወጥ ብላችሁ አትረዱት።

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ግን አውራ አታስቀምጡ። ለእሱም ለጎረቤትም ግፍ ነው።

ምልክት፦ ሰው ይማታል

ከአሥር ጥሪ ስምንቱ ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ5 እስከ 8 ወር ባለው ዕድሜው ነው፤ ልክ ሲጎለምስ። መጀመሪያ አይዘልም። አንድ ክንፉን መሬት እስኪነካ አውርዶ በጎን በጎን ይጠጋችኋል። ጀርባችሁን ስትሰጡት ከኋላ ይከተላል። ዞር ስትሉ ቆሞ ጥሬ የሚለቅም ይመስላል። ከዚያ አንድ ቀን የአንገቱ ላባ እንደ ጃንጥላ ይከፈታል፣ ይዘልላል፣ በሁለት እግሩ ይመታል። ክንፉን ያወረደ ዕለት ነገሩን ከያዛችሁት ቀላል ነው። "ሲጫወት ነው" ብላችሁ ከሳቃችሁ ይከብዳል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሰው ነው።

አንደኛው አቅፎ ማሳደግ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ለልጇ የ45 ቀን ጫጩት ገዛችለት። ልጁ ጃኬቱ ውስጥ እየከተተ ይዞት ይዞራል፣ ከመዳፉ ያበላዋል፣ አብሮት ቴሌቪዥን ያያል። አውራው 7 ወር ሲሞላው፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲገባ ዘሎ ጉንጩን ቀደደው። ከዓይኑ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ። እናትየዋ "እንዲህ አቅፎ ያሳደገውን!" እያለች ታለቅሳለች። ችግሩ እኮ ማቀፉ ነው። ጫጩቱ ሰውን መራቅ ካልተማረ ሰውን እንደ ዶሮ ይቆጥራል። ሲጎለምስ ሰውዬው ሌላ አውራ ሆኖ ይታየዋል። ሴት ጫጩት እንደፈለጋችሁ እቀፉ። ወንዱን ተዉት።

ሁለተኛው መተንኮስ ነው። በመጥረጊያ የሚነካካ፣ በጫማ የሚገፋ፣ "ና ሞክረኝ" የሚል ሰው ከየግቢው አይጠፋም። አንድ ግቢ ውስጥ ዘበኛው በየጠዋቱ በእርግጫ ይለው ነበር። አውራው አልሸሸም። በሩ ጋ መጠበቅ ጀመረ። በመጨረሻ የመታው ዘበኛውን አልነበረም፤ ቡና ሊጠጡ የመጡ አንዲት እማማን ነው። ደንግጠው ወደቁ፣ እጃቸው ተሰበረ። እርግጫ ለአውራ ዶሮ ቅጣት አይደለም፤ ጠቡን ተቀበልኩህ ማለት ነው። እባካችሁ አትርገጡት።

መፍትሄው

አትሩጡ፣ ወደ ኋላም አትበሉ። ወደ ኋላ ካላችሁ አሸነፈ። ሲጠጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ከዚያ በቀስታ ወደ እሱ ሂዱ። እሱ ወደ ኋላ እስኪል፣ ፊቱን አዙሮ ሌላ ነገር መልቀም እስኪጀምር ድረስ አታቁሙ። ይዘልላል ብላችሁ ከፈራችሁ ሰፌድ ወይም የሳፋ ክዳን እግራችሁ ፊት ያዙ። መምቻ አይደለም፣ መከለያ ነው። ወፍራም ሱሪና ቦቲ አድርጉ።

በተጨማሪ ማታ ከቆጡ ላይ ያዙት። በጨለማ ሲያዝ ብዙም አይታገልም። ክንፎቹን ሰብስባችሁ በብብታችሁ ሥር ያዙትና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ግቢውን አዙሩት። መታገሉን ሲተው ብቻ አውርዱት፤ እየተፈራገጠ ከለቀቃችሁት ትምህርቱ የተገላቢጦሽ ነው። ደረቱን አትጫኑ። ዶሮ የሚተነፍሰው ደረቱን እያነሳና እያወረደ ነው፤ ጠበቅ ካደረጋችሁት እጃችሁ ላይ ይሞታል። እንደ ገበያ ዶሮ እግሩን ይዛችሁ ቁልቁል አታንጠልጥሉት። ይህን ማየት ያመኛል።

ጥሬ ከእጃችሁ አትስጡት። መሬት ላይ በትናችሁ ሂዱ። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህንኑ ያድርግ፤ አንዱ እየገሠጸ ሌላው ከተነኮሰው ሥራው ከንቱ ነው።

ይህን በየቀኑ 3 ሳምንት አድርጉ። ብዙዎቹ ይመለሳሉ። ያልተመለሰውን አርዳችሁ ብሉት። ልጅ ላለበት ሌላ ቤት አትሽጡት፣ ዘሩንም አታስታቅፉ፤ ጠባዩ ወደ ጫጩቶቹ ሊሄድ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ትንሽ ልጅ ከሚማታ አውራ ጋር ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አይሁን። ዶሮው የሚዘልበት ከፍታ ልክ የልጁ ፊት ነው። ከቆሰለ በሳሙናና በውሃ ደህና አድርጋችሁ እጠቡና ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ሊያስፈልገው ይችላል። ዓይኑ ከተነካ ቤት ውስጥ ምንም አትሞክሩ፣ በቀጥታ ሆስፒታል።

ከእግሩ ጀርባ የሚወጣው ሹል ቀንድ ከረዘመ ጫፉን ብቻ በሞረድ አድንዙት። ውስጡ አጥንትና ደም አለው። ከሥሩ በጉጠት የነቀለ ሰው አይቻለሁ፤ ዶሮው ሌሊቱን ሙሉ ደማ።

ምልክት፦ የሴቶቹ ጀርባ ተላጠ

ምክንያቱ የሴቶቹ ቁጥር ማነስ ነው። ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ይበቃል። ሁለት ሴት ካለችው በየሰዓቱ እየሰረረ ላባቸውን ይጨርሳል፣ ቆዳቸውንም ይቀድዳል። ለዩት፤ ላባው እስኪመለስ አታገናኟቸው።

ምልክት፦ ሌሊት 9 ሰዓት ይጮሃል

ይሄ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አውራዎችን ብርሃኑ በማይለዋወጥ ደብዛዛ ክፍል አስቀምጠው አጠኑ። ንጋት ሳያዩም ሰዓታቸውን ጠብቀው ይጮሁ ነበር። ሰዓቱ ከራሱ ከዶሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ ጭራሽ ዝም ማሰኘት አትችሉም። የመንገድ መብራት፣ የመኪና መብራትና የሌላ አውራ ጩኸት ግን ያባብሰዋል። ማደሪያውን ጨለማ አድርጉ፣ ከጎረቤት መኝታ ቤት አርቁት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ልቀቁት። አየር መግቢያው ግን ሰፊ ይሁን። አንድ ወዳጄ ድምፁ እንዳይወጣ ብሎ ካርቶን ውስጥ ዘግቶ አሳደረው። ጠዋት ሬሳ አወጣ። አንገቱን በጨርቅ የሚያስሩም አሉ፤ አታድርጉት።

ሌሎቹ

እንቁላሉ አልፈለፈለም፦ አውራው አርጅቶ ወይም ሴቶቹ በዝተውበት ይሆናል። ከታቀፈ በ7ኛው ቀን እንቁላሉን በጨለማ ክፍል በባትሪ አብርታችሁ እዩት፤ የደም ሥር ከሌለው ባዶ ነው።

ሁለት አውራ ይጣላል፦ አብረው ካላደጉ አንዱን አውጡ።

መጮህ ተወ፣ ላባው ተንጨባረረ፣ አረንጓዴ ቅዘን አለው፦ ፈንግል ሊሆን ይችላል። ለዩትና ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

ቄብ ብላችሁ ገዝታችሁ ሁሉም አውራ ሆኑ፦ ሻጩ ዋሽቷችኋል። ለእንቁላል ከሚረቡት ዝርያዎች ተለይተው የሚወገዱ ወንድ ጫጩቶችን በርካሽ ሰብስበው "ሴት ናቸው" ብለው በካርቶን የሚያዞሩ አሉ። ሥጋም አይይዙም። መኖ ጨርሰው አጥንት ይሆናሉ። ከሚታወቅ አሳዳጊ ግዙ፣ ርካሽ አትከተሉ።

አውራውን ለበዓል አርዳችሁ ዶሮ ማስታቀፍ ከፈለጋችሁ አትቸኩሉ። ዘሩ ሴቷ ሆድ ውስጥ ይቆያል። እሱ ከሄደ በኋላ ባሉት 7 ቀናት የተጣሉትን እንቁላሎች ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አጠራቅሙ፣ ሹል ጫፋቸውን ወደ ታች አድርጉ፣ ከዚያ አስታቅፉ። በ21ኛው ቀን ይፈለፈላሉ።